እማዬ፣ ደግሞ ወደቅኩ (ደህና ነኝ ግን)

እማዬ እንዴት ነሽልኝ፣ ጨጓራሽስ፣ የአዳማ ሙቀት ቀነስ አለላችሁ? እኛ ደህና ነን እግዚአብሔር ይመስገን። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር ግን ገና ስጀምር "በይ ካርድሽ እንዳያልቅ" ብለሽ ጆሮዬ ላይ ትዘጊብኛለሽ፣ ስለዚህ በቴሌግራም ጻፍኩትና የታናሼ ልጅ ታንብብልሽ። (አንቺ አንባቢዋ፣ አንድ መስመር እንዳትዘዪ፣ በተለይ ወደ መጨረሻው።)

አዎ ደግሞ ወደቅኩ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሳ ልገዛ ሄጄ ነው። ቆሮሶውን አስበልቼ፣ ፌስታሌን ይዤ፣ ሂሳብ ከፍዬ ዞር ስል የዓሳ ቅርፊት ረገጥኩና እግሬ ወደ ሐይቁ እኔ ወደ ኋላ፣ በቂጤ ዘጭ! ዓሳ የሚበልተው ልጅ ቢላዋውን ጥሎ እየሮጠ መጣና "ማዘር ተረፍሽ?" አይለኝም! ማዘር! አምና እኮ እዚያው ቦታ እህት ነበርኩ። ከወደቅኩት በላይ እሷ አመመችኝ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ደግሞ እንደ ዕድር ዳኞች ዙሪያዬን ቆመው ያዩኛል፣ እኔ ልነሳ ስታገል አንደኛው ከፌስታሌ የወጣውን ዓሳ ብድግ አድርጎ ሄደ። ልጁ አዘነልኝና ሌላ ጨመረልኝ፣ ቤት ስደርስ ግን ቁጭ ብዬ መብላት አልቻልኩም፣ ቆሜ በላሁ።

ለታኅሣሥ 19 ገብርኤል ስሄድም ነጠላዬ የባጃጅ በር ላይ ተይዞ ባጃጁ ሊነሳ ሲል ሕዝቡ በእልልታ መሃል "ቁም! ቁም!" አለልኝ። የኩሽናውን ቁም ሳጥን ጠርዝ አላነሳብሽም፣ ግንባሬ ያውቀዋል።

ባሌ "አንቺን የሚቀበል ኢንሹራንስ የለም" ይላል። እኔ የምለው ግን የባሰብኝ ከመነጽሩ ወዲህ ነው። የዓይን ሐኪሟ እንዳለችኝ የባይፎካል ታችኛው ክፍል ለማንበብ ነው የተሰራው፣ ደረጃ ስትወርጂ በሱ ካየሽ ደረጃው ይደበዝዝብሻል፣ አገጭሽን ዝቅ አድርጊና በላይኛው እይ አለችኝ። አሁን ደረጃ በወረድኩ ቁጥር አንገቴን ስለምደፋ ጎረቤቶቼ ከባሌ ጋር የተጣላን መስሏቸው ሊያስታርቁን መጥተዋል።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቁ ለማትሪክ እያጠና ነው፣ ማለት መጽሐፉ ተከፍቷል። ትንሿ ሐይቁ ዳር በኪራይ ሳይክል ለመደች፣ አልወደቀችም፣ በማን እንደወጣች እንጃ። ባለፈው ቡና አፍልቼ እንግዶች ቁጭ ብለው ረከቦቱን ከነሲኒው ብድግ አድርጋ በመሃላችን አለፈች። "ስጪኝ፣ ትሰብሪዋለሽ" አፌ ላይ ደረሰ፣ ዋጥኩት።

የማን አባባል እንደሆነ ታውቂያለሽ። የጋሼ መልስ ቀን አማቶቹ ተደርድረው ተቀምጠው፣ እኔ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ፣ ሲኒው የተደረደረበትን ትሪ ይዤ ልገባ ስል በሩ ላይ ተቀብለሽኝ ለታናሼ ሰጠሻት። "ይቺ እጀ ሰባራ ናት" ብለሽ ሳቅሽ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። እስከዚያ ቀን የሰበርኩት ያቺን የቻይና ሲኒ ብቻ ነበር እኮ እማዬ፣ እሷንም ድመቷ ናት። ይኸው አሁን 47 ዓመቴ ነው፣ ለፋሲካ ስመጣ ጀበናውን ላነሳ ስል "ተይው እሷ ታንሳው" አልሽ። ልጆቼ ፊት። ቤቴ ውስጥ እኔ ነኝ የማፈላው፣ እንግዳ እኔ ነኝ የምቀበለው፣ አንቺ ዘንድ ስመጣ ግን እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል፣ ምናልባት ለዚያ ይሆናል በርሽ ላይ የምደናቀፈው። በቃ፣ ይሄንን ይዤው ብዙ ስለቆየሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ታናሼ ነግራኛለች። ሻወር ቤት ወድቀሽ፣ እጅሽ አብጦ፣ ወጌሻው አሽቶ በቀርከሃ አስሮልሽ፣ "ለሐዋሳዋ እንዳትነግሩ" ብለሻል አሉ። እኔ ስወድቅ አገር ይስቃል፣ አንቺ ስትወድቂ ምስጢር ነው? በዚህ ቤተሰብ የመውደቅ ፈቃድ ያለኝ እኔ ነኝ መስሎኝ።

ወጌሻውን አልነካም፣ የአባዬን ትከሻ የመለሰው አባቱ ነው። ግን አምና ጄሶ ያሰረልኝ ሐኪም የነገረኝን ልንገርሽ፣ እኛ ሴቶች ካረጥን በኋላ አጥንታችን ይሳሳል፣ በእጅ ተመርኩዘን ስንወድቅ አንጓው ላይ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ደግሞ በመዳበስ አይለይም፣ ራጅ ነው የሚያሳየው። የተሰነጠቀ ከሆነ ማሸቱ ያባብሰዋል። ማሰሪያው ከጠበቀም ደም አያሳልፍም፣ ጣቶችሽ ከደነዘዙ ወይ ከቀዘቀዙ ወይ ከጠቆሩ ነገ አትበይ፣ እዚያው ይፈታና ሐኪም ቤት ሂጂ። ጣቶችሽን አሁን እያንቀሳቀስሽ ለልጅቷ አሳያት፣ እሷ ትጻፍልኝ።

የግፊት ኪኒንሽን የምትወስጂ ሰው ከተኛሽበት ብድግ አትበይ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ትንሽ ቁጭ በይ ከዛ ተነሺ። ሌሊት መብራት አብሪ፣ ቆጣሪው ምን አባቱ። ያቺን ሶሏ ያለቀ ነጠላ ጫማ ጣያት፣ ካልጣልሻት ስመጣ እኔ እጥላታለሁ። ሻወር ቤት ግድግዳው ላይ የሚያዝ ብረት በያጁ ይግጠምልሽ።

ስልኬ ከመሸ ሲጮህ ቁጥሩን ሳላይ ልቤ ቀጥ ይላል። ይህን ነገር ከአባዬ ወዲህ ለማንም አልተናገርኩም። እኛ ጋ ነይ ብልሽ "ቤቴን ለማን ትቼ" እንደምትይኝ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ዛሬ አልልሽም፣ ግን ዛሬ አላልኩም ማለት ትቼዋለሁ ማለት አይደለም።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ጠዋት ከመናኸሪያ ከተነሳሁ በሻሸመኔ በዝዋይ በሞጆ አድርጌ ለምሳ እደርሳለሁ። እስከዚያ ግን አትጠብቂኝ፣ ነገውኑ ራጅ ተነሺ። ታናሼን አትቆጫት፣ አፋጥጫት ነው የነገረችኝ። ለራጁ የሚሆን ብር በሷ ቴሌብር ልኬያለሁ፣ ለራጅ ነው እማዬ፣ ለቤተክርስቲያኑ ጣራ እንዳትሰጪው።

ልጅሽ
ሐዋሳ