የሐበሻ ዶሮ ቀኑን ሙሉ ምን ስትለቅም ትውላለች?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እንደ ፌንጣና ምስጥ ያሉ ነፍሳትን ስለመብላት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ሰፈራችንም ሲወራበት ሰንብቷል፤ አፍንጫውን ያልያዘ የለም። እኔ ቢሾፍቱ ውስጥ ሁለት መቶ የሚሆኑ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ፤ የምጽፍላችሁም እዚያው ዶሮ ቤቴ ያየሁትን ነው።

ዶሮ የሚያረባ ሰው እንቅልፍ የሚያጣው በመኖ ዋጋ ነው። ከመኖው ደግሞ ኪስ የሚያራቁተው ፕሮቲኑ፣ ማለትም አኩሪ አተሩና ፋጉሎው ነው። አምና አንድ ጎረቤቴ ጥቁር ወታደር ዝንብ የምትባለውን ማርባት አሳየኝ። ስሟ ያስፈራል እንጂ አትናከስም፣ እንደ ቤት ዝንብም ምግብ ለምግብ አትዞርም። እጩ፣ ማለትም ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው ትል፣ የአትክልት ልጣጭና የበሰበሰ ፍራፍሬ ሙልጭ አድርጎ በልቶ በሁለት ሳምንት ገደማ ይደርሳል፤ ሲደርቅ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ፕሮቲን ነው። ከፋጉሎው ቀነስ አድርጌ እጩን ስጨምርላቸው ዶሮዎቼ ተሻሙበት። ከገበያ የሚጣለው ልጣጭ ሸትቶ ሰፈር ከሚያስቸግር መኖ ሲሆን ማየት ደስ ይላል።

ነገሩን ለደንበኞቼ አልደበቅኩም። ለዓመታት ከእኔ ሲገዙ የኖሩ አንዲት እናት “ትል የበላች ዶሮ እንቁላል ለልጆቼ አላበላም” ብለውኝ ሄዱ። በማግስቱ ከገበያ የሐበሻ እንቁላል በውድ ዋጋ ገዝተው ሲመለሱ መንገድ ላይ ተገናኘን። አልተቀየምኳቸውም፣ ግን ከልቤ አዘንኩ። የሐበሻ ዶሮ ደጅ ተለቅቃ ቀኑን ሙሉ እየጫረች የምትለቅመው ምንድን ነው? ትል፣ ምስጥ፣ ፌንጣ ነው እኮ! ዝናቡ ዘንቦ አሸን የፈላ ቀን ዶሮዎች እንዴት እንደሚራወጡ ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይጣፍጣል ብለን ጨምረን የምንከፍልበት እንቁላል ከዚያች ዶሮ የሚገኝ ነው።

መጸየፍ የሚለመድ ነገር ነው። እኛ ቁርጥ ቤት ገብተን ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣና በአዋዜ እናጣጥማለን፣ ይህን አይቶ ፊቱን የሚያዞር የውጭ አገር ሰው ሞልቷል። ኡጋንዳ ውስጥ ደግሞ ማሳካ አካባቢ ወቅቱ ሲደርስ ሌሊት ደማቅ መብራት አብርተው፣ ቆርቆሮ አቁመው “ንሴኔኔ” የሚሉትን ፌንጣ ያጠምዳሉ፤ ተጠብሶ መንገድ ላይ ይሸጣል። ምዕራብ ኬንያ አሸን ይበላል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት 2 ቢሊዮን ያህል ሰው ነፍሳትን በባህሉ ይመገባል ብሏል። ሃይማኖቱን ለሚያነሱም፣ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 አንበጣን ከሚበሉት ይቆጥረዋል፤ በእስልምናም አንበጣ ሐላል ነው።

ይህን ስል ግን ነገ እንጀራችን ላይ ፌንጣ ይደረግ ማለቴ አይደለም። ሰው ያልፈቀደውን በግድ አይጎርስም። ከዶሮዋ እንጀምር ነው የምለው፤ እሷ እንደሆነች ድሮም ስትበላው የኖረች ናት። የአውሮፓ ኅብረት እንኳ የነፍሳት ፕሮቲን ለዶሮና ለአሳማ መኖ እንዲሆን የፈቀደው ገና እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ናይሮቢ ያለው ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ደግሞ በዚህችው ዝንብ ላይ ብዙ ሠርቷል፣ ማዕከሉን ለዓመታት የመሩትም የፍኖተ ሰላም ልጅ ዶ/ር ሰገነት ቀለሙ ናቸው። የራሳችን ሰው የደከሙበትን ነገር እኛ ሳናየው “ኤጭ” ብለን ባንተወው ምናለ?

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም፣ ድብቅነት አይኖርም። ወደፊት ነፍሳት ያለበት ዱቄት ወይም ብስኩት ገበያ ቢወጣ ፊት ለፊቱ ላይ በትልቁ ይጻፍ። የሚጾም ሰው አለ። ሽሪምፕ የሚባለው የባሕር እንስሳ አለርጂ የሚሆንበት ሰው ነፍሳትም ሊያስቸግረው ይችላል። ደግሞም በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. አንበጣ ሲወረን እንዳየነው ፀረ ተባይ የተረጨበት መንጋ ለሰውም ለዶሮም አይሰጥም። እጩ ምን በልቶ ማደግ እንዳለበት፣ ምን እንደማይሰጠው ለእኛ ለትንንሾቹ አርቢዎች በሚገባን አማርኛ የሚነግረን ያስፈልገናል። ጋዜጣችሁ የሚመለከታቸውን ቢጠይቅልን ውለታችሁ ትልቅ ነው።

እኔ አሁን እንቁላሉን በማስቀምጥበት ካርቶን ላይ “በእጭ የተቀለቡ ዶሮዎች” ብዬ ጽፌያለሁ። ያቺን ጽሑፍ አይተው የሚመለሱ አሉ፣ የሚጠይቁም አሉ። እኚያ እናት ባለፈው ሳምንት በር ላይ ቆመው ሳያቸው “ግቡና ላሳይዎት” አልኳቸው። ገቡ። እጮቹ የጎመንና የካሮት ልጣጭ ሲበሉ ጎንበስ ብለው አዩ። “እኔ የሽንት ቤት ትል መስሎኝ ነበር” አሉኝ። ያን ቀን እንቁላል አልገዙም፤ የጓሯቸውን ልጣጭ ግን ሰብስበው እንደሚልኩልኝ ነግረውኝ ሄዱ።

አንዲት ዶሮ አርቢ
ከቢሾፍቱ