ከበጀት ጉባኤው በፊት ለምክር ቤት አባላት

ውድ አባላት፣

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጊዜው አጭር ነው። ለበጀት የቀረቡትን የመናፈሻ ሣርና የአዲስ ውኃ ጉድጓድ ጥያቄዎች ግን ነጣጥለን ባናይ ይሻላል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውኃ ማለት 1 ሊትር ነው። 2,000 ካሬ ሜትር ሣር በበጋ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ከጠጣ 10,000 ሊትር፣ ማለትም 500 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይወስዳል። ቦኖ ላይ ሰው ተሰልፎ እያለ ይህን ማጽደቅ ይከብዳል። ሣሩ ወደ ሩብ ይቀነስ፤ በቀረው ቦታ ወይራና ዋንዛ ይተከል፤ ሥር እስኪሰዱ ነው ማጠጣት የሚያስፈልጋቸው።

ለአዲስ ጉድጓድ ገንዘብ ከመያዙ በፊት ከመስመሩ የሚባክነው ውኃ ይለካ። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት፣ የማጠራቀሚያው መውጫ ቆጣሪ በየ15 ደቂቃው ይነበብ። ሰው በሚተኛበት በዚያ ሰዓት ፍሰቱ ካልወረደ መስመሩ እንደሚያፈስ መጠርጠር ነው። ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ግን ንባቡ ያሳስታል፤ ሮቶ የሚሞላው ሌሊት ነውና።

ሌላው፣ ለበጀት የቀረበው የኳስ ሜዳ ሰነድ የካፒታል፣ ማለትም የግንባታ ወጪውን ብቻ ይዟል። የሜዳው የጥበቃ ደመወዝና የመብራት ክፍያ በየዓመቱ ለሥራ ማስኬጃ በሚያዘው መደበኛ በጀት ይግባ።