ለጥምቀት በካምፐር ጎንደር ለምትወጡ፦ መጀመሪያ ማደሪያውን ወስኑ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጥር ሲቃረብ ጎንደር ላይ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው። ስለዚህ ጣሪያው ላይ ድንኳን የተጫነበት ላንድክሩዘር ወይም ወንበሩ ተነሥቶ ፍራሽ የገባበት ሚኒባስ፣ ማለትም ካምፐር፣ ተከራይተው፣ ከባህር ዳር ተነሥተው በየመንገዱ እያደሩ በዓሉን አክብረው ለመመለስ የሚያስቡ ቤተሰቦች አሉ። ሐሳቡን እንወደዋለን። የሚያሳስበን የዕቅዱ አወጣጥ ነው። ሰው መጀመሪያ የሚያየውን ይደረድራል፤ ጢስ ዓባይ፣ አውራምባ፣ ጉዛራ፣ ፋሲል ግቢ፣ ጎርጎራ ይላል። ከዚያ ኪሎ ሜትሩን ይደምራል። የሚታደርበት ቦታ ግን «እዚያው እናየዋለን» ተብሎ ይታለፋል። እኛ የምንመክረው በተገላቢጦሽ እንድታቅዱ ነው። መጀመሪያ የየሌሊቱን ማደሪያ ቁረጡ፤ የምታዩት በሁለት ማደሪያዎች መካከል የሚበቃውን ያህል ብቻ ይሁን።

ከባህር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባስ በሦስት ሰዓት ይገባል ብላችሁ አታስሉ። ድንኳን፣ ውሃና ስድስት ሰው የጫነ መኪና፣ ከብትና ባጃጅ በማይጠፋበት መንገድ ላይ፣ በመሐል ሁለት ጊዜ ቆሞ፣ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ማደሪያችሁ ዘንድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መድረስ አለባችሁ። በጥር 12 ሰዓት አልፎ ጥቂት ሲቆይ ይጨልማል፤ ሁለቱ ሰዓት መሬቱ ደልዳላ መሆኑን ለማየት፣ ድንኳን ለመዘርጋት፣ እራት ለማብሰልና ቦታው ካልተመቸ ወደ ሌላ ለመሄድ ነው። በጨለማ የተመረጠ ማደሪያ ጧት ሲታይ ወይ የውሃ መውረጃ ነው፣ ወይ የሰው ማሳ።

በዚህ ስሌት የሚሆነው ጉዞ ይኸው ነው። ጥር 8 ጧት ተነሡና በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግራችሁ፣ ወረታ አካባቢ ወደ አውራምባ ገብታችሁ፣ አዲስ ዘመን እደሩ። ጥር 9 የአሞራ ገደልን አልፋችሁ፣ እንፍራንዝ አጠገብ ያለውን የጉዛራ ግንብ አይታችሁ፣ ከቀትር በፊት ጎንደር ግቡ። ጥር 10፣ 11 እና 12 መኪናው አይነቃነቅም። ታቦታት ሲወርዱና ሲመለሱ መንገዱ በሕዝብ ይሞላል፤ ይዘጋልም። ጥር 13 በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል 65 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ጎርጎራ እደሩ። ጥር 14 በመጣችሁበት ተመለሱ። ጣናን በምዕራብ በኩል በደልጊ ዞሮ መመለስ ካርታ ላይ ያጓጓል፤ ለተጫነ ካምፐር ግን አንመክረውም። ጢስ ዓባይን ከዚህ ጉዞ አውጡት። ከባህር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሌላ አቅጣጫ ነው፤ ፏፏቴው ጉልበት የሚኖረውም ከክረምቱ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ራሱን የቻለ ቀን ይገባዋል።

ብዙ ሰው የማያስበው የባትሪው ጉዳይ ነው። ካምፐር መብራቱንና ፍሪጁን የሚያንቀሳቅሰው በሁለተኛ ባትሪ ሲሆን፣ ያ ባትሪ የሚሞላው መኪናው ሲሄድ ነው። በጥምቀት ደግሞ መኪናው ሦስት ቀን ይቆማል። 100 አምፔር ሰዓት (የባትሪ አቅም መለኪያ ነው) የሚል የተለመደ የአሲድ ባትሪ ካለው ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን፣ 50 ያህል ነው። ትንሽ የ12 ቮልት ፍሪጅ በሃያ አራት ሰዓት ከ30 እስከ 40 ይበላል፤ መብራትና የስድስት ሰው ስልክ ሌላ 10። አንድ ቀን ብቻ ማለት ነው። 100 ዋት የፀሐይ ፓነል በጥር ጥርት ያለ ሰማይ ቢያግዝም በቀን 30 ገደማ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ጎንደር ላይ ፍሪጁን አጥፉት። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣና ሽሮ ይዛችሁ ውጡ፤ አንዱም ቅዝቃዜ አይፈልግም፤ የገሃድ ጾምም ስላለ ሥጋና ወተት አጭቆ መሄድ ትርጉም የለውም። ባትሪውን በቮልት መለኪያ እዩት። ምንም ሳይሠራ አርፎ 12.6 ካነበበ ሙሉ ነው፤ 12.2 ላይ ሲደርስ ሁሉንም አጥፉ። ከሁሉ በላይ ስትረከቡ አከራዩን ሞተር ሳታስነሡ ፍሪጁን እንዲያበራላችሁ ጠይቁና የማስነሻውን ባትሪ ገመድ ፍቱ። ፍሪጁ አብሮ ከጠፋ የተገናኘው ከማስነሻው ባትሪ ጋር ነው ማለት ነው፤ ጥር 13 ጧት ሞተሩ አይነሣም።

ርክክቡን አትቸኩሉበት። ስኮርታው (ተጠባባቂ ጎማው) ተነፍቶ ይሁን፣ ክሪኩና የጎማ መፍቻው ከዚያው መኪና ቡሎን ጋር ይግጠሙ፤ ይህን በዓይን ሳይሆን አንድ ጎማ አስፈትታችሁ አረጋግጡ። ካምፐር ዓመቱን ሙሉ ብዙ ስለሚቆም የጎማው ጥርስ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃል። ጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ ፈልጉ፤ 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በጎኑ ላይ ደቃቅ ስንጥቅ ከታየ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም አትቀበሉት። ንፋሱን ጧት ጎማው ሳይግል ለኩ። መንገድ ላይ ግሎ ከፍ ብሎ ስታዩት አታስተንፍሱት፤ ሲቀዘቅዝ ከልክ በታች ይሆናል። በየቁልቁለቱ ፍሬን ላይ ብቻ አትተኙ፤ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ። የጭነቱ ክብደት የፍሬን ሸራውን ያግለዋል፤ የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ቆማችሁ አብርዱ እንጂ ውሃ አታፍስሱበት።

ውሃ በሰው በቀን 10 ሊትር ያዙ፤ ግማሹ ለመጠጥና ለማብሰል፣ ግማሹ ለመታጠብ። ስድስት ሰው ለሁለት ቀን 120 ሊትር ነው፤ 120 ኪሎ ማለት ነው። ስድስት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከወለሉ ላይ፣ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት እሰሩ። ጣሪያው ድንኳኑን ከተሸከመ በቂው ነው። ውሃ ጣሪያ ላይ የጫነ መኪና ኩርባ ላይ ይዋዥቃል።

ነዳጁ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ደርሶ መልሱ ጎርጎራን ጨምሮ 490፣ ከከተማ ዙረቱ ጋር 550 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመቶ ኪሎ ሜትር 14 ሊትር ከበላ 77 ሊትር። እንደ መጠባበቂያ አንድ አምስተኛ ጨምሩ። ታንኩ ከግማሽ በታች ሲወርድ ባገኛችሁት ማደያ ሙሉ፤ የሚቀዳው በቴሌብርና በመሰል መንገድ ስለሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ ነዳጁ እያለ አትቀዱም። መንገዱ ስለመከፈቱና ስለ ሰዓት እላፊ ደግሞ በዋዜማው ምሽት መናኸሪያ ሄዳችሁ ያን ቀን ከጎንደር የገቡትን ሾፌሮች ጠይቁ። ከእነሱ የቀረበ መረጃ ያለው የለም። መንገዱ ዝግ ነው ከተባለ ጉዞውን አዘግዩት፤ ለማታ ጉዞ የሚያበቃ ምክንያት የለም።

ሐይቁ ዳር ስታድሩ ከውሃው ራቁ። ጎርጎራም ሆነ ባህር ዳር ዳርቻው ያምራል፤ ነገር ግን በቄጠማና በደንገሉ መካከል ቀንድ አውጣ አለ፤ ቢልሃርዚያ የሚያመጣው ጥገኛ ትል ከእሱ ወጥቶ በቆዳ ይገባል። ልጆች እግራቸውን እንኳ አይንከሩ፤ ለሳህን ማጠቢያም ከሐይቁ አትቅዱ። ጉማሬ በሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጣል፤ ሣሩ አጭር ሆኖ የተላገ መሬትና ወደ ውሃው የሚወስድ የተረገጠ ቦይ ካያችሁ ያ የእሱ መንገድ ነው፤ ድንኳን አትትከሉበት። አጎበር በጥርም አይቅር። ሌሊቱ ይበርዳል፤ በተለይ ጎንደር 2,100 ሜትር ላይ ስለሆነ በነፍስ ወከፍ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ጨምሩ።

አሁን የምንለውን እባካችሁ አስምሩበት። ብርዱ ሲጠና ወይም ቡና ሲፈላ ከሰል ወደ መኪናው ወይም ወደ ድንኳኑ አይግባ። አመድ የሸፈነው፣ ጠፍቷል የተባለው ከሰልም ቢሆን ሽታ የሌለው ጋዝ ይለቃል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። መስኮት ገርበብ ማድረግ አያድንም። ቡታጋዝም ቢሆን ምግብ ማብሰያ እንጂ ማሞቂያ አይደለም። ምድጃው ከውጭ፣ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ ይደር።

ውሉ ላይ ጥቂት ነገር ይጻፍ፤ ቃል ብቻ አይበቃም። ኪራዩ በቀን ነው ወይስ በኪሎ ሜትር? የቆመባቸው ሦስት ቀናትስ በሙሉ ዋጋ ይታሰባሉ? ይህን አስቀድማችሁ ተደራደሩ። ሾፌር ካለ አበሉና የሚተኛበት ቦታ ይወሰን፤ እናንተ ድንኳን ውስጥ ስትተኙ እሱ መሪ ላይ ተደፍቶ ካደረ በማግስቱ የሚነዳችሁ ያልተኛ ሰው ነው። ራሳችሁ ከነዳችሁ የመንጃ ፈቃዳችሁ ደረጃ ለዚያ መኪና መሆኑን፣ መድኑ ሙሉ ይሁን የሦስተኛ ወገን ብቻ፣ ቦሎውም ያላለፈበት መሆኑን እዩ።

የመጨረሻው ጉዳይ የጎንደርንና የባህር ዳርን ከተማ አስተዳደሮች ይመለከታል። ለበዓሉ ሰሞን ለእንዲህ ያሉ መኪኖች የታጠረ አንድ ሜዳ ይለይ። ብዙ አያስፈልገውም፤ ሦስት አራት መጸዳጃ፣ አንድ የውሃ ቦኖ፣ የቆሻሻ ገንዳ፣ የሌሊት ጥበቃና ተራ አስያዥ። ክፍያው በአዳር ተቆርጦ ቢለጠፍ ተጓዡም በየሆቴሉ ግቢ አይለምንም፣ የሰፈሩም ሰው በየአጥሩ ሥር የሚጸዳዳ እንግዳ አይገጥመውም። ቦታው እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ በጋዜጣችሁ ቢገለጽ ሰው ጉዞውን በዚያ ላይ ተመሥርቶ ያቅዳል።

ከአክብሮት ጋር፣
በባህር ዳር የጉዞ መኪና የምንነዳና የምንጠግን