ፕላዝማው አይቆምም ነበር

ልጄ፣

አሰላሙ ዓለይኪ። እንዴት ነሽ? ዶርሙ ተስማማሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴን ጉም ይዟታል፣ ከጠዋት ጀምሮ ጦሳ አልታየም። እናትሽ ጋቢ ደርባ ከሰሉ ዳር ተቀምጣለች፣ ስምሽን ሳትጠራ ቡና አታፈላም።

ስለ ማስተማር ጽፈሽ በቴሌግራም የላክሽልኝን ጽሑፍ አነበብኩት። ስልክ ላይ ፊደሉ ስለሚያስቸግረኝ ፒያሳ ወርጄ ፕሪንት አስደረግኩትና እስክሪብቶ ይዤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «አባባ፣ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርክ ሰው ነህ፣ እውነቱን ንገረኝ» ብለሻል። እነግርሻለሁ። በድምፅ ልልክልሽ ነበር ያሰብኩት፣ ግን ነገሩ ብዙ ሆነብኝ። ለእኔ ደግሞ ነገር የሚጠራልኝ ስጽፈው ነው።

ከሁሉ የወደድኩት የመጨረሻውን አንቀጽ ነው። «ክፍል ውስጥ ልጆቹ ዝም ሲሉኝ ገብቷቸው ነው ወይስ ፈርተውኝ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» ብለሻል። ይቺን ጥያቄ እኔ ማስተማር ከጀመርኩ ከስንት ዓመት በኋላ ነው የጠየቅኳት። አንቺ ገና ሰሌዳ ፊት ሳትቆሚ ጠየቅሻት። ያዣት፣ አትልቀቂያት። የቀረውንም ጽሑፍሽን በእሷ ነው የመዘንኩት።

ሁለተኛው ገጽ ላይ «ቴክኖሎጂ ትምህርትን አስደሳችና ቀላል ያደርጋል» የሚል አለ። እዚህ ላይ አልስማማም። የማልስማማው ቴክኖሎጂ ስለምጠላ እንዳይመስልሽ። ፕላዝማን አይቼ ነው።

አንቺ ሕፃን ነበርሽ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍል ውስጥ ትልልቅ ቴሌቪዥን ገባ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣል። ወላሂ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ላብራቶሪ የሚባል ክፍል ቢኖርም ውስጡ የተሰበረ ወንበር ነበር የሚቀመጥበት። ፕላዝማው ግን ሞገድ ውሃ ላይ ሲሄድ ያሳያል፣ ኤሌክትሮን በሽቦ ውስጥ ሲንቀሳቀስ በሥዕል ያሳያል። እኔ በጠመኔ የቱንም ያህል ብስለው የማይንቀሳቀስልኝን ነገር። ያንን ጥቅሙን አልክድም።

ግን ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ አካባቢ ነው፣ ሠላሳውን ያህል ፕላዝማው ይወስደዋል። ለእኔ መጀመሪያ ላይ ጥቂት፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ትተርፈኛለች። ፕላዝማው ላይ ያለችው ሴትዮ በእንግሊዝኛ ፈጠን ፈጠን እያለች ታስተምራለች። ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ሙዚቃ ይገባል፣ ልጆቹ ጥያቄውን ገልብጠው ሳይጨርሱ መልሱን ትናገራለች። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እባክዎ ትንሽ ያቁሙልን» አለችኝ። ማቆም አልችልም። ከሳተላይት ነው የሚመጣው፣ እዚያ ማዶ ያለችው ሴትዮ እኛን አታየንም፣ አትሰማንም። ላጠፋው እችላለሁ፣ ላቆመው ግን አልችልም። «ዝም ብለሽ ጻፊ» አልኳት። ጻፈች። ከዚያ በኋላ ያቺ ልጅ እጇን ስታወጣ አላየሁም። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

እና ያ ትምህርት ቀላል አልነበረም ብለሽ ታስቢ ይሆናል። ለዓይን ግን ቀላል ነበር፣ ደስም ይላል። ልጁ ተቀምጦ ያያል፣ ይገለብጣል፣ ደወል ሲደወል ይወጣል። ጭንቅላቱ ውስጥ የቀረ ነገር መኖሩን ማንም አልጠየቀውም። እኔም አልጠየቅኩትም፣ ጊዜ የለኝም።

አሁን ወደ ኋላ ልመልስሽ። እኔ ቁርዓን ቤት የገባሁት ቃሉ ወረዳ ገጠር ውስጥ ነው፣ ገና ትንሽ ልጅ ሆኜ። ሉህ ታውቂያለሽ፣ አያትሽ ቤት ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጠፍጣፋ እንጨት። ሸኻችን በጥላሸት ቀለም እሱ ላይ ይጽፉልናል። ይዘነው ጮኸን እንቀራለን። ከዚያ ሉሁን ዞር አድርገን ሳናይ እናሰማቸዋለን። ከተሳሳትን «ተመለስ» ይሉናል። ከያዝነው ሉሁ ይታጠባል፣ አዲስ ይጻፋል። ያ መታጠቡ ነው ትልቁ ነገር። ከታጠበ በኋላ ያ ቃል ያለው ጭንቅላትሽ ውስጥ ብቻ ነው፣ ዞረሽ የምታዪበት የለም። የክርስቲያኑም ሰፈር እንዲሁ ነው። ጎረቤታችን የነበሩት መሪጌታ ሲያጫውቱኝ የቅኔ ተማሪ ቁጭ ብሎ ሲሰማ ብቻ አይውልም፣ ራሱ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያቃኑለታል። ነገ ደግሞ ሌላ።

ዱላውን አልናፍቅም። ትርጉሙን ሳናውቅ የያዝነው ስንት ነገር እንደነበረም አልረሳሁትም። ፊዚክስን እንደዚያ ልናስተምር አንችልም፣ አይገባምም። ግን ማሰማቱን፣ ሳያዩ ከራስ ማውጣቱን ዘመናዊው ትምህርት ቤት ጣለው። እንዴት እንደጣልነው ይገርመኛል።

አንቺ ጽሑፍሽ ላይ «ሪትሪቫል ፕራክቲስ» ያልሽው ይኸው ነው፣ እና እሱን ክፍል በአንድ አረፍተ ነገር ብቻ አልፈሽዋል። አስፍተሽ ጻፊው። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሙከራ አለ። አንዱን ቡድን አጭር ጽሑፍ አራት ጊዜ አስነበቡት። ሌላውን አንድ ጊዜ አስነብበው ሦስት ጊዜ ሳያይ ያስታወሰውን እንዲጽፍ አደረጉት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግሞ ያነበበው በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ደጋግሞ ያነበበው 40 ከመቶ ያህሉን ነው ያስታወሰው፣ ራሱን የፈተነው 61 ከመቶ። የሚያሳዝነው ደግሞ ምን መሰለሽ፣ «አስታውሳለሁ» ብሎ የበለጠ ተማምኖ የነበረው ያ ደጋግሞ ያነበበው ነው። ልጆቻችን ለሚድ ለሊቱን ሲያነቡ አድረው ጠዋት ፊታቸው የሚያበራው፣ ለፋይናል ግን ባዶ ሆነው የሚመጡት ከዚህ የተነሳ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ገባችሁ?» ስንላቸው «አዎ!» ይሉናል፣ ስድሳው ልጅ በአንድ ድምፅ። እኛም እናምናለን። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። የሚቀጥለው ዓመት 3.2። የእኛ የወሎ ልጆች በ2014 በጦርነቱ ያዩትን አንቺም ስላየሽው እሱን ለብቻው ነው የማስቀምጠው። ግን አገሩ በሙሉ ነው እንዲህ የሆነው። እኔ የዚያን ቀን ውጤቱን ሰምቼ እራት አልበላሁም። «አዎ!» ያሉኝ ልጆች ናቸው የታወሱኝ።

አንድ ሌላ የምትሰርዢው አለ። «አንዳንዱ ልጅ በማየት ነው የሚማረው፣ አንዳንዱ በመስማት» ያልሽውን አውጪው። እኛም ኮሌጅ ተምረነዋል፣ ሥልጠና ላይም ሲነገር ሰምቻለሁ። ፓሽለርና ጓደኞቹ በ2008 እ.ኤ.አ. ጥናቶቹን ሰብስበው ሲያዩ ልጅን በዚህ ከፋፍሎ ማስተማር ይጠቅማል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ካርታ የምታስተምሪ ከሆነ ለሁሉም ካርታ ታሳያለሽ፣ መንዙማ የምታስተምሪ ከሆነ ለሁሉም ታሰሚያለሽ። የሚወስነው ትምህርቱ ነው። አንድን ልጅ ደግሞ «አንተ በመስማት ነው የምትማረው» ብለሽ ማንበብ እንዳታስተይው።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። ሦስተኛው ገጽ ያንቺ አይደለም። አውቀዋለሁ፣ ከፊደል ጀምሮ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። አንቺ ስትጽፊ «እና» ታበዢያለሽ፣ ስትናደጂ ደግሞ አረፍተ ነገርሽ ያጥራል። ያ ገጽ እንደተወለወለ ዕቃ ነው፣ እጅ የነካው አይመስልም። ቻትጂፒቲ ይሁን ሌላ አላውቅም። አልተቆጣሁም ልጄ፣ ጊዜ አጥሮሽ ይሆናል። ግን ያነበብሽውን መጽሐፍ ዘግተሽ በራስሽ ቃል ስትጽፊው ነው የሚቀርልሽ። ያንን ድካም ለማሽኑ ከሰጠሽው የተማረው ማን እንደሆነ አስቢው። መጀመሪያ አንቺ ጻፊ፣ ከዚያ ማሽኑን «የቱ ጋ ተሳሳትኩ፣ ጠይቀኝ» በዪው። እንደዚያ ከሆነ እንደ ሸኹ ያገለግልሻል። ተማሪዎችሽም ነገ የሚያመጡልሽ ይሄንኑ ነው፣ ስለዚህ ካሁኑ አንቺ ጋ ይጥራ።

እኔ ክፍል ውስጥ ከተጠቀምኩበት ዕቃ ሁሉ የሚበልጥብኝ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ደሴ ላይ ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ ዘጋሁትና ለልጆቹ አሳየሁ። «ይሄን ይዤ ቅዳሜ በሐረጎ ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ እገባለሁ፤ ምን ይሆናል?» አልኳቸው። ዝም። «ማንም ሳይነግራችሁ ጻፉ» አልኩ። ሲቆጠር የሚበዙት «ያብጣል» ብለዋል፣ ኮምቦልቻ ሞቃት ነው ብለው። ሙቀቱን ማሰባቸው ደስ አለኝ። ጥቂቶቹ «ይጨመደዳል» አሉ። አንዱ «ምንም አይሆንም፣ ጠርሙስ ጠርሙስ ነው» አለ። ተከራከሩ፣ እንዲከራከሩም ተውኳቸው። ከዚያ «ሐረጎን ስትወርዱ ጆሯችሁን ምን ያደርገዋል?» ብዬ ብቻ ጠየቅኩና ወጣሁ።

ሰኞ የተጨመደደውን ጠርሙስ ይዤ ገባሁ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቁልቁለቱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ያወርድሻል። ታች ያለው አየር ከላይኛው ይከብዳል፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የደሴ አየር ደግሞ አይችለውም። ያን ቀን የአየር ግፊትን እኔ አላስተማርኩም ማለት ይቻላል፣ ራሳቸው ናቸው ያወጡት። ከዚያ አንዷ ተነስታ «ታዲያ ደሴ ላይ ባቄላ ለመብሰል የሚቆየው በዚህ ነው?» አለች። በዚሁ ነው። እኛ ዘንድ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተር አዘግቼ ስለ ጠርሙሱ እንደገና ጠየቅኳቸው። ከወር በኋላም ሌላ ጊዜ።

ስለዚህ ስማርት ቦርድ ያለበት ትምህርት ቤት ከደረሰሽ እሰየው። ፌት (PhET) የሚባሉትን የፊዚክስ ማሳያዎች ያለ ኢንተርኔት እንዲሠሩ አድርገሽ ላፕቶፕሽ ላይ ጫኚ፣ በነፃ ነው፣ እኔ በእርጅናዬ አይቼው ተደንቄያለሁ። ግን ማሳያውን ከመንካትሽ በፊት ጠይቂያቸው። «ይሄን ባበዛው አምፖሉ ምን ይሆናል?» በያቸው፣ ይጻፉ፣ ከዚያ ንኪው። ፕላዝማው የማይችለውን አንቺ ትችያለሽ፣ ታቆሚዋለሽ። ስልክን በተመለከተ ግን ክፍል ውስጥ ባይወጣ እመርጣለሁ። ግማሹ አለው፣ ግማሹ የለውም፣ ያለውም በቴሌግራም የተለቀቀ መልስ ነው የሚፈልግበት።

ያቺን ጥያቄሽን ደግሞ አልረሳኋትም፣ በምን አውቃለሁ ያልሽውን። መልሷን ያገኘሁት ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ነው። የካርቶን ሉህ ሠራሁ። ካርቶን በደብተር ልክ ቆርጠሽ ፊቱን በሰፊ ነጭ ፕላስተር ትለብጪዋለሽ፣ በማርከር ይጻፍበታል፣ በጨርቅ ይጠፋል። ጥያቄ ትጠይቂያለሽ፣ ሁሉም ይጽፋል፣ «አንሱ!» ስትይ ስድሳውም በአንዴ ከፍ ያደርጋል። በአንድ እይታ ማን እንደገባው፣ ማን ከጎኑ እያየ እንደሆነ፣ የትኛው ስህተት በብዛት እንደተደገመ ታያለሽ። እጅ ማውጣት የምትፈራውም ልጅ ትመልሳለች፣ ስሟ አልተጠራ፣ አልተሳቀባት። ቶሎ ቶሎ «አጥፉ» በያቸው። መጀመሪያ ሳምንት ጫጫታ አለው፣ ማርከር ይጠፋል፣ ጨርቅ ይወራወራሉ። አትደንግጪ። በሁለተኛው ሳምንት ይረጋጋል።

ለልምምድ የምትወጪበት ክፍል ስንት ልጅ እንዳለው ላኪልኝ። እኔ ሰኞ ገበያ ሱቅ ካለው ወዳጄ የዘይት ካርቶን ሰብስቤ ሰባ መቁረጥ ጀምሬያለሁ፣ ዳር ዳሩን እናትሽ እየለበጠች ነው። ካነሱ እጨምራለሁ። ማርከር ግን እዚያው ግዢ፣ የዚህኛው ቶሎ ይደርቃል። ከቆሎውና ከበርበሬው ጋር አንድ ላይ በአውቶቡስ እልከዋለሁ፣ ሹፌሩ ሲደውልልሽ ስልክሽን አንሺ።

ሦስተኛውን ገጽ እንደገና ጽፈሽ ላኪልኝ። እጠብቃለሁ።

አባትሽ
ደሴ