ልጆቻችን የኤይላትን ኮራል በዓይናቸው እንዲያዩ እናግዛቸው (የድጋፍ ጥሪ)

ሰላም ወገኖቻችን፣ እናቶች አባቶች እህት ወንድሞች እንዴት ናችሁ። እኛ እስራኤል አገር ቂርያት ጋት የምንኖር ጥቂት ወላጆች ነን፣ ከ4 እስከ 7 ዓመት ያሉትን የሰፈራችንን ልጆች ከትምህርት በኋላ እየሰበሰብን ስለ ባህርና ባህር ውስጥ ድንጋይ መስሎ ስለሚያድገው እንስሳ ስለ ኮራል እናስተምራቸዋለን፣ አሁን ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ቀይ ባህር ዳር ወዳለችው ከተማ ወደ ኤይላት ልንወስዳቸው አስበናል፣ ለዚህ ነው የናንተን እርዳታ የምንጠይቀው።

ስንት ችግር እያለ ኮራል ምን ይሁን የሚል ይኖራል። ችግሩ እኛም ጋ አለ፣ ግን ልጆቻችን የሚያድጉት ቀይ ባህር ያለበት አገር ነው፣ ሌላው ልጅ በየክረምቱ በየበጋው የሚዋኝበትን ባህር የኛዎቹ በቲቪ ብቻ ሲያዩት ያሳዝናል፣ የሱ ጠባቂዎች ነገ እነሱም መሆን አለባቸው።

ትንንሾቹ እንዴት እንደሚገባቸው ብታዩ! ኮራል ድንጋይ ይመስላቸዋል፣ በትልቁ የተነሳ ፎቶ እናሳያቸውና ላዩ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች እንደ እንጀራ ዓይን ናቸው፣ በየዓይኑ ውስጥ አንድ ትንሽዬ እንስሳ ይኖራል እንላቸዋለን፣ ወዲያው ይገባቸዋል። ሥጋው ውስጥ ደግሞ አልጌ የሚባሉ እንደ ተክል ያሉ በጣም ደቃቅ ነገሮች አሉ፣ ከፀሐይ ምግብ እየሰሩ ይመግቡታል፣ አብዛኛው ቀለሙም የነሱ ነው፣ ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ ያስወጣቸውና ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ሙቀቱ ከቆየ በረሃብ ይሞታል። በጣም የሚወዱት ግን የፓሮት ዓሳን ነው፣ ኮራሉን በጥርሱ እየፋቀ አልጌውን ይበላና ድንጋዩን ፈጭቶ ነጭ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል፣ ይሄን የሰማ ልጅ እቤቱ ሄዶ ለአያቱ ሳይናገር አይተኛም።

የኤይላት ኮራል ደግሞ ሌላ ነው። በዓለም ላይ ብዙ ቦታ ኮራል በሙቀት እየነጣ ሲያልቅ የዚህኛው ከሌላው የተሻለ ሙቀት ይችላል፣ ሳይንቲስቶቹ እንደሚሉት ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ከደቡብ በቀይ ባህር መግቢያ በባብኤል መንደብ በኩል ሲገባ በዛ ሞቃት ውሃ ውስጥ ማለፍ የቻለው ብቻ ነው ወደ ሰሜን የደረሰው። ሙቀቱን ቻለ ማለት ግን ቆሻሻውን ይችላል ማለት አይደለም፣ ፌስታሉ፣ ፍሳሹ፣ ላዩ ላይ የሚቆመው እግር ይገድለዋል። በፈረንጆቹ 2023 ኤይላት ውስጥ ጥቁሩ ረጅም እሾህ ያለው የባህር ጃርት በበሽታ በጥቂት ወራት አለቀ፣ ኮራሉን ከላይ የሚሸፍነውን ሌላ ዓይነት አልጌ የሚበላው እሱ ነበር፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላውም ይጎዳል። ሰው ከተነሳ ደግሞ ለውጥ ይመጣል፣ ባህሩን ይበክላሉ የተባሉት የዓሳ ማርቢያ ኬጆች ከዓመታት ጩኸት በኋላ በፈረንጆቹ 2008 ወጥተዋል።

ገንዘቡ የሚውለው ለምን መሰላችሁ፣ ትልቁ ወጪ አውቶቡሱ ነው፣ ደርሶ መልስ ረጅም መንገድ ነው፣ ቀጥሎ የመግቢያ ቲኬት፣ ታችዋ መስታወት በሆነች ጀልባ የሚሄዱበት፣ ዋና ለሚችሉት ትልልቆቹ በልጅ ልክ የሆነ የመዋኛ መነፅርና መተንፈሻ ቱቦ ከአሰልጣኝ ጋር። ትንንሾቹ ውሃ ውስጥ አይገቡም፣ ወላጆች አትስጉ። ከዛ ደግሞ መፅሐፏ አለች፣ በአማርኛና በዕብራይስጥ ጎን ለጎን የተፃፈች፣ ስዕሏን የሰፈራችን ልጅ በነፃ የሰራችልን፣ ማሳተሚያ ብቻ ነው የቀረን። አማርኛው የግድ ያስፈልጋል ያልነው አያቶች ዕብራይስጡ ስለሚከብዳቸው ነው፣ ልጁ ሲጠይቃቸው አብረው እያነበቡ እንዲመልሱለት፣ እኔ በግሌ ከጉዞው እኩል የምጓጓላት እሷን ነው።

50 ሼቅልም ትሁን 20 ትልቅ ነገር ናት፣ ውጭ ያላችሁም አሜሪካም አውሮፓም ብትሆኑ መፅሐፏን ለልጆቻችሁ በፒዲኤፍ እንልክላችኋለን፣ ብትረዱንም ባትረዱንም። መላክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ፃፉልን አካውንቱን እንነግራችኋለን፣ ደረሰኝ እንሰጣለን፣ የገባውንም የወጣውንም ሂሳብ እዚሁ እንለጥፋለን። ገንዘብ የሌለው ደግሞ በዕለቱ አብሮን ሄዶ ልጆች ይያዝልን፣ በተለይ ዋና የምትችሉ ወጣቶች በጣም ታስፈልጉናላችሁ፣ ከፋሲካ በፊት እስከሚውለው የአይሁድ በዓል እስከ ፑሪም ድረስ ስማችሁን ላኩልን።