ስለ ላሙ ጉዟችን

ሰላም አባላት፣

ወደ ኬንያዋ ላሙ ደሴት ከመነሣታችን በፊት ጥቂት ነገር ላሳስባችሁ። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ጎረቤት ባለችው ማንዳ ደሴት ነው፤ ከዚያ በጀልባ እንሻገራለን። ትልልቅ ሻንጣ ይቅርባችሁ፤ መንገዶቹ ሰውና አህያ እንኳ ተጠባብቀው የሚተላለፉባቸው ናቸው።

የመጀመሪያውን ቀን ለአሮጌው ከተማ ብንሰጠው እመርጣለሁ። ከኮራል ድንጋይና ከማንግሮቭ እንጨት የተሠሩት ቤቶች፣ በተለይ የተቀረጹት በሮቻቸው፣ በሩጫ የሚታዩ አይደሉም። ዩኔስኮ ከተማዋን በዓለም ቅርስነት የመዘገባት እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ምሽጉም እዚያው መሃል ነው።

ወደ ሼላ የባሕር ዳርቻ 3 ኪሎ ሜትር ያህል በእግር እንሄዳለን። ባሕሩ ሲሞላ መንገዱን ውኃ ስለሚይዘው ሰዓቱን ጀልበኞቹን ጠይቀን እንነሣለን። የዋና ልብስ ለዳርቻው ብቻ፤ ነዋሪው በአብዛኛው ሙስሊም ነውና ከተማ ውስጥ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ያዙ።

የምትመጡ እስከ ዓርብ አሳውቁኝ።