ፈቃዴን ማን በላው?

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ጠዋት ጠዋት ብርዱን አልወደደውም።

ባለፈው እሑድ የጀመርከውን ወሬ ሳንጨርስ ኔትወርኩ ቆረጠን። አሜሪካ ያለህበት የጥርስ ክሊኒክ ዶክተሯ የበዓል ሰሞኑን የክሊኒኩን መዝጊያና የሠራተኛውን ፈቃድ አንተ ወስን ብላኛለች አልከኝ። «እማዬ፣ ቀላል መስሎኝ ነበር፣ ሦስት ቀን ራሴን አዞረኝ» ስትል ሳቄ መጣ። እኔን 22 ዓመት ፐርሶኔል ክፍል ያዞረኝ እሱ ነው። በቴሌግራም በድምፅ ብልክልህ ግማሹን ሳትሰማ እንደምታልፈው ስለማውቅ ጻፍኩት።

እስኪ መጀመሪያ ቀኑን እንቁጠር። ካላንደሩ ከፊቴ አለ። የ2026 የፈረንጅ ገና ዓርብ ይውላል፤ አዲስ ዓመታቸውም ዓርብ። በመሐል ከሰኞ እስከ ሐሙስ አራት የሥራ ቀን ብቻ አለ። አራቱን ከዘጋህ ሰዉ ቅዳሜና እሑዱን ጨምሮ አሥር ቀን በተከታታይ ያርፋል። ያጓጓል። ተራ ቢሮ ቢሆን ዝጋው እልህ ነበር።

የጥርስ ክሊኒክ ግን ሌላ ነው። አንተው ነህ ያስረዳኸኝ፤ የብዙ ሰው የጥርስ ኢንሹራንስ ለዓመቱ የሚከፍለውን ገንዘብ እስከ ዲሴምበር 31 ካልተጠቀመበት ይቃጠልበታል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጎን ሲያኝክ የከረመ ሁሉ በመጨረሻው ሳምንት ይጎርፋል። ዶክተሯ ያን ሳምንት መዝጋት ባትፈልግ አልፈርድባትም።

ሠራተኞቹ ደግሞ አብዛኞቹ በሰዓት የሚከፈላቸው ናቸው። አሜሪካ የግል ድርጅት ለበዓል ቀን እንዲከፍል የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም ስትለኝ መጀመሪያ አላመንኩህም። እዚህ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። በበዓል ቀን የገባ ደግሞ የሰዓቱን እጥፍ ያገኛል። እኛ ፋብሪካ ገና ሲደርስ ጠቡ «ለምን ታስገቡኛላችሁ» ሳይሆን «ለምን ታስቀሩኛላችሁ» ነበር። እናንተ ጋ ግን «አራት ቀን ዝግ ነው» ብለህ ብትለጥፍ ለአንዷ እረፍት ነው፣ ለሌላዋ የአራት ቀን ገንዘብ ጎደለ ማለት ነው። ያውም የቤት ኪራይ ሊከፈል ሲል።

«ታዲያ ከፒቲኦአቸው ይቀነስ» አልክ፤ ከሚከፈልበት የፈቃድ ቀናቸው ማለትህ ነው። እዚህ ላይ ነው እንቅልፍ የነሳኸኝ።

ይህን ነግሬህ አላውቅም። 1998 ዓ.ም. ነው። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ማሽን ይታደሳል ብሎ ከታኅሣሥ 24 እስከ 28 እንዲዘጋ ወሰነ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከዚያ ቅዳሜ ገና። አምስቱም ቀን ከዓመት ፈቃድ ይታሰብ ተባለ። ማስታወቂያውን የመታሁት እኔ ነኝ። የለጠፍኩትም እኔ ነኝ፣ ታኅሣሥ 20፣ አራት ቀን ሲቀረው። እንዲያውም ሰዉ የሚደሰት መስሎኝ ነበር፤ ለበዓል ገበያ ጊዜ ያገኛሉ ብዬ።

በማግሥቱ አንዲት የክር ክፍል ልጅ መስኮቴ ላይ መጣች። ከገባች ገና አንድ ዓመቷ ነው። ያኔ የመጀመሪያ ዓመት ፈቃድ 14 ቀን ነበር። ስምንቱን እናቷን ስታስታምም ጨርሳለች። የቀረችውን ስድስት ቀን ለእህቷ ሠርግ አስቀምጣለች፤ ጥር ላይ፣ ጎጃም። አልጮኸችም። «እትዬ፣ ፈቃዴን ማን በላው?» ብቻ አለችኝ።

ምን ልበላት? አንድ ቀን ቀርቶሻል አልኳት። አውቶቡሱ ብቻ መሄጃና መመለሻ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሄደች። አምስት ቀን በተከታታይ የቀረ እንደሚባረር ስለምታውቅ በአራተኛው ቀን ማታ ተመልሳ ገባች፤ ሠርጉ ሳያልቅ ማለት ነው። የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤም እኔው መታሁት። አሁንም ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን። እሷ ረስታዋለች። እኔ ነኝ ዓይኗን ለማየት የምቸገር።

ስለዚህ እናንተ ለምትዘጉት ቀን የእነሱን ቀን አትንካ። ዲሴምበር 25ንና ጃንዋሪ 1ን ክሊኒኩ ይክፈል፤ ዶክተሯን ይህን አሳምናት። ለ11 ሰው ሁለት ቀን ነው፤ የዚያ ሳምንት ገቢ ይችለዋል። አራቱን ቀን ግን ክፈት። ፈቃድ ያጠራቀመና መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፣ ገንዘቡን የሚፈልግ ይግባ። ሁለት ወንበር ብቻ ብታሠሩስ? ቀጠሮውን አሁን ጥቅምት ላይ ሆነህ በዚያ ልክ መያዝ ትችላለህ።

ስለ ሐበሾቹ ደግሞ። ሁለቱ ልጆች ያን ሳምንት ሠርተው ጃንዋሪ 7ን ይውሰዱ ብለሃል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ዘንድሮ ሐሙስ ነው። በፈረንጅ ገና እነሱ ጾም ላይ ናቸው፤ ኅዳር 15 የገባው ጾም ገና አልተፈታም። አምና በቢሮው ግብዣ ላይ ሁሉም ካም ሲበላ እናንተ ሦስታችሁ ሰላጣ ይዛችሁ ጥግ የቆማችሁበትን ፎቶ አይቼ የለ? ግን ሳትጠይቅ አትመድብ። አንዷ ሁለት ልጆች አሏት። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በፈረንጅ ገና እንጂ በኛ ገና አይደለም። ልጆቹን ማን ይይዝላታል? እሷ ምናልባት የዲሴምበሩን ሳምንት ትመርጥ ይሆናል። ሐበሻ ስለሆነች ብቻ የፈረንጅ ገና ሰሞን ሠራተኛ አታድርጋት።

ሙስሊሟን ልጅ ረሳሃት። ዲሴምበር ላይ ምንም ስለማትጠይቅ ነው የረሳሃት። ዒድ በጨረቃ ነው፤ ከወዲሁ ቁርጥ ያለ ቀን ጻፊ ብትላት አትችልም። ቀኑ ያልተጻፈ አንድ የሚከፈልበት ቀን ስጣት፤ ፍሎቲንግ ሆሊደይ የምትሉት እሱ ይመስለኛል። እንዲያውም ለሁሉም ስጥ። እኛ ፋብሪካ የበር ጥበቃዎቹ ይህን ያለ ፐርሶኔል ጨርሰውት ነበር። ሙስሊሞቹ ለገና ለክርስቲያኖቹ ይገቡላቸዋል፣ ክርስቲያኖቹ ደግሞ ለዒድ። አንድም ቀን ወረቀት ይዘው ወደ እኔ አልመጡም።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ጃንዋሪ 18፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን፣ ሰኞ ነው። ጥር 10፣ ከተራ! ያን ቀን የምትዘጉ ከሆነ ለጥምቀት ማግሥቱን ብቻ መጠየቅ ይበቃቸዋል። ንገራቸው።

ማስታወቂያውን ደግሞ አታቆየው። በ2024 ፕሬዚዳንት ባይደን የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ዲሴምበር 24 እንዲዘጉ ያዘዙት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ በድንገት ለተገኘ ቀን ደስ ይለዋል፤ ደመወዙ አይነካበትም። በሰዓት ለሚከፈለው ግን ድንገተኛ እረፍት ድንገተኛ ዕዳ ነው። ከኅዳር በፊት ለጥፍ። በቁጥር ጻፈው፤ ማን፣ የትኛው ቀን፣ ይከፈላል ወይስ አይከፈልም። «እንደ ሁኔታው ይታያል» የምትል ዓረፍተ ነገር እንዳትኖርበት። እኔ ያቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደጻፍኳት!

የራስህን ነገር አላነሳህም። አምና የሁሉንም ተራ አንተ ሸፍነህ ለገና ስደውልልህ የማሽኑ ድምፅ ከኋላህ ሲጮህ ነበር። ሰንጠረዡን ስትጨርስ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። መጀመሪያ የማየው ታኅሣሥ 29 ላይ የአንተን ስም ነው።

እናትህ